«ኤ ሌቭል አልፈልግም፣ ኮሌጅ ነው የምገባው»፦ በእንግሊዝ የሚኖሩ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእንግሊዝ ብቻ ነው፤ ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው አሠራር አላቸው።

ኮሌጅ ሲሉ ዩኒቨርሲቲ ማለታቸው ነው?

አይደለም። እዚህ ኮሌጅ የሚባለው ጂሲኤስኢ (በ16 ዓመት ገደማ የሚወሰደው ፈተና) ካለቀ በኋላ፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ የሚገባበት ነው። ሲክስዝ ፎርም ኮሌጅ በአብዛኛው ኤ ሌቭል፣ ማለትም ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደውን የሁለት ዓመት የአካዳሚክ ትምህርት፣ ያስተምራል። ፈርዘር ኤዱኬሽን ኮሌጅ ግን ሰፊ ነው። ፀጉር ሥራ፣ ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክ፣ ኮምፒውተር፣ ሕፃናት እንክብካቤ፣ ቢዝነስ፣ መኪና ጥገና፣ ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ ይገኛል። ብዙ ሐበሻ ወላጅ ግቢውን ያውቀዋል፤ አገሩን እንደረገጠ እንግሊዝኛ የተማረው እዚያው ነው።

16 ዓመት ሞላኝ፣ ትምህርት በቃኝ ቢለኝስ?

18 ዓመት እስኪሞላው ድረስ በትምህርት ወይም በሥልጠና ላይ መቆየት አለበት። ሕጉ በፈረንጆች ከ2015 ጀምሮ እንዲህ ነው። የሙሉ ጊዜ ትምህርት ሊማር ይችላል። አፕሬንቲስሺፕ፣ ማለትም ተቀጥሮ እየሠሩ መማር፣ ሊገባ ይችላል። ወይም በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ እየሠራ ወይም በበጎ ፈቃድ እያገለገለ ጎን ለጎን በትርፍ ሰዓት ሊማር ይችላል። ስለዚህ «ትማራለህ ወይስ አትማርም» ብሎ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው። የሚያዋጣው ምን እንደሚማር ቁጭ ብሎ ማውራት ነው።

ሌቭል 1፣ 2፣ 3 የሚሉት ምንድን ነው?

የትምህርቱ ደረጃ ነው። በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ከኮርሱ ስም በፊት መታየት ያለበትም ይኸው ነው። ጂሲኤስኢ ከ9 (ከፍተኛው ነው) እስከ 4 ያመጣ ሰው ሌቭል 2 አለው ይባላል። ከ3 እስከ 1 ያመጣ ሌቭል 1 ላይ ነው። ኤ ሌቭል ሌቭል 3 ነው። ዲግሪ ሌቭል 6 ነው።

ብዙ ወላጅ የሚስተው ነገር አለ። «ኮሌጅ ገባ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም። አንዱ ልጅ ሌቭል 3 ኢንጂነሪንግ ገብቶ ከኤ ሌቭል ተማሪ እኩል ይራመዳል። ሌላው ሌቭል 1 ገብቶ ገና ሁለት እርከን ይቀረዋል። ሌቭል 1 መጀመር ነውር አይደለም፤ ከዚያ ተነስተው ሩቅ የሚደርሱ አሉ። ችግሩ በየዓመቱ አንድ ደረጃ ላይ ኮርስ እየቀያየሩ መዞር ነው። ሌቭል 2 ፀጉር ሥራ፣ ቀጥሎ ሌቭል 2 ስፖርት፣ ቀጥሎ ሌቭል 2 ቢዝነስ፤ ልጁ 19 ዓመት ሲሞላው ገና ሌቭል 2 ላይ ነው። ኮርስ ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህንን ሲጨርስ ቀጥሎ የት ይገባል?» ይሁን።

ቢቴክ፣ ቲ ሌቭል፣ አፕሬንቲስሺፕ፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ቢቴክ ከቲ ሌቭል የቆየ የሙያ ኮርስ ነው። አብዛኛው ውጤት ዓመቱን ሙሉ ከሚሠራ አሳይንመንት ይመጣል፤ ፈተናም አለው። ትልቁ ቢቴክ፣ ኤክስቴንድድ ዲፕሎማ የሚባለው፣ በስፋቱ ከሦስት ኤ ሌቭል ጋር እኩል ነው።

ቲ ሌቭል በ2020 የተጀመረ ነው። ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ እሱም ከሦስት ኤ ሌቭል እኩል ይቆጠራል። ልዩ የሚያደርገው ቢያንስ 315 ሰዓት፣ ማለትም ወደ 45 የሥራ ቀን፣ እውነተኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ መሥራት ግዴታ መሆኑ ነው። ያንን ያልጨረሰ ሙሉ ሰርተፍኬቱን አያገኝም። ቀጣሪው ደመወዝ የመክፈል ግዴታ የለበትም። ከበድ ያለ ኮርስ ነው። «ኤ ሌቭል ከበደኝ፣ ቀለል ያለ ልያዝ» ብሎ ቲ ሌቭል የሚገባ ልጅ ይደነግጣል።

አፕሬንቲስሺፕ ሥራ ነው። ልጁ ውል ይፈርማል፣ ደመወዝ ይከፈለዋል፣ ከሥራ ሰዓቱ ከፊሉን ይማራል። ዝቅተኛው የአፕሬንቲስ ክፍያ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በሰዓት 7.55 ፓውንድ ነበር፤ በየኤፕሪሉ ይከለሳል። ጥሩ ቦታ ለማግኘት ውድድሩ እንደ ሥራ ፍለጋ ነው፤ ሲቪና ኢንተርቪው አለው። ስለዚህ አፕሬንቲስሺፕ የሚፈልግ ልጅም የኮሌጅ ቦታ በእጁ ይዞ ቢፈልግ ይሻላል።

ክፍያ አለው?

ከ16 እስከ 18 ላለ ልጅ ትምህርቱ ነፃ ነው፣ የመኖሪያ ሁኔታው የሚፈቅድ እስከሆነ ድረስ። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ «ኮርሱ ይህን ያህል ሺህ ፓውንድ ነው» የሚል የግል ማሠልጠኛ ካጋጠመዎት ቦርሳዎን ከመክፈትዎ በፊት ኮሌጅ ሄደው ይጠይቁ። ያንኑ ኮርስ ኮሌጁ በነፃ ሊሰጠው ይችላል። ሰርተፍኬቱ ዕውቅና ይኑረው አይኑረው ደግሞ የሰርተፍኬትና የፈተና ተቆጣጣሪው ኦፍኳል በሚያስተዳድረው መዝገብ ላይ ማየት ይቻላል።

ዕቃው ግን ገንዘብ ይጠይቃል። የምግብ ዝግጅት ተማሪ ቢላዋና ዩኒፎርም ይገዛል። ግንባታ የሚማረው የደኅንነት ጫማ ያስፈልገዋል። ፀጉር ሥራ የምትማር ልጅ ሙሉ የመሣሪያ ቦርሳ ትጠየቃለች። ለዚህ 16–19 በርሰሪ የሚባል ድጎማ አለ። በማደጎ ወይም በመንግሥት እንክብካቤ ሥር ላሉና ለጥቂት ሌሎች ልጆች በዓመት እስከ 1,200 ፓውንድ ይደርሳል። ለሌላው ኮሌጁ የቤተሰቡን ገቢ አይቶ ይወስናል። ዕቃውን፣ መጓጓዣውን ወይም መጻሕፍቱን ሊሸፍን ይችላል። ነፃ ምሳም ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች አለ። ሁለቱንም ካላመለከቱ ማንም አይሰጥዎትም። ለንደን ለሚኖር የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ ደግሞ 16+ ዚፕ ኦይስተር ካርድ አውቶቡስና ትራም በነፃ ያስኬዳል።

ቻይልድ ቤኔፊት ይቋረጣል?

ኮሌጅ በሙሉ ጊዜ ከገባ አይቋረጥም፤ እስከ 20 ዓመቱ ሊቀጥል ይችላል። ግን ራሱን በራሱ አይቀጥልም። 16 ዓመት ከሞላው በኋላ በሚመጣው ኦገስት 31 ይቆማል፣ እርስዎ ትምህርቱን መቀጠሉን ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለኤችኤምአርሲ ካላሳወቁ በስተቀር። ደብዳቤ ይልካሉ። ደብዳቤው እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ተቆጥሮ መሳቢያ ውስጥ ሲገባ ነው ጣጣው የሚመጣው። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚያገኙ ከሆነ እዚያም ለየብቻ ያሳውቁ።

አፕሬንቲስሺፕ ከገባ ግን ቻይልድ ቤኔፊቱ ይቀራል፤ ልጁ ተቀጣሪ ሆኗልና። የልጁ ደመወዝና ከቤት የሚቀረው ገንዘብ አስቀድሞ ይሰላ። አንዳንድ ቤት ውስጥ ይህ ሳይነገር ቀርቶ ልጁና እናቱ የተቀያየሙበት ጊዜ አለ።

ሂሳብና እንግሊዝኛ 4 አላመጣም። በር ተዘጋበት?

አልተዘጋም፤ ግን ሁለቱ ትምህርቶች አይለቁትም። 4 ያላመጣ ተማሪ ከዋናው ኮርሱ ጎን ለጎን መማሩን ይቀጥላል። 3 ያመጣ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ጂሲኤስኢውን ራሱን ደግሞ መፈተን አለበት። 2 ወይም ከዚያ በታች ያመጣ ፈንክሽናል ስኪልስ የሚባለውን ተግባራዊ የሂሳብና የእንግሊዝኛ ፈተና ሊወስድ ይችላል። ድጋሚ ፈተናው በኖቬምበር እና በበጋ ይሰጣል።

ልጆች ይህንን ክፍል ይጠሉታል። ወርክሾፑ ውስጥ እሳት የሆነ ልጅ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ሲመጣ ይጠፋል። ወላጅ ጠንከር ማለት ያለበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። በጥቂት ወራት የሚገላገለውን 4 እየገፋ ከቆየ በኋላ አፕሬንቲስሺፕም ዩኒቨርሲቲም ሲጠይቅ ያው 4 ይጠብቀዋል። አስጠኚ የመቅጠር አቅም ካለ ገንዘቡ እዚህ ላይ ቢወጣ ይሻላል።

መቼ ነው የምናመለክተው?

ይር 11 (የጂሲኤስኢ ዓመት) ሲጀመር። የኮሌጆች ክፍት ቀን አብዛኛው በመኸር ወራት፣ ኦክቶበርና ኖቬምበር አካባቢ ነው። ከአንድ በላይ ኮሌጅ ማመልከት ይቻላል። ውጤት በኦገስት ከወጣ በኋላም ምዝገባ አለ፤ ታዋቂ ኮርሶች ግን ያኔ ይሞላሉ። ለምዝገባ የጂሲኤስኢ ውጤት ወረቀት፣ መታወቂያና የአድራሻ ማስረጃ ይዘው ይሂዱ። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ በኢቪዛ ስለተተካ ሼር ኮዱን (ፈቃዱን በኢንተርኔት ለማሳየት የሚሰጠውን ኮድ) ከቤት አውጥቶ መሄድ ከሰልፍ ያድናል።

ክፍት ቀን ላይ አዳራሽ ውስጥ የሚታየውን ስላይድ ይተዉትና ወርክሾፑን ያሳዩኝ ይበሉ። አስተማሪውን አግኝተው «ባለፈው ዓመት የጨረሱት ልጆች የት ገቡ?» ብለው ይጠይቁ። ቲ ሌቭል ከሆነ «የሥራ ቦታውን የምታገኙለት እናንተ ናችሁ ወይስ እሱ ይፈልግ?» ይበሉ። ፈልጎ የማገናኘቱ ሥራ የኮሌጁ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ግን ለልጁ ሲገፉት ይታያል። መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ኮሌጅ ይመልከቱ።

ሐሙስና ዓርብ ቤት ነው የሚውለው። እየዋሸኝ ይሆን?

ላይሆን ይችላል። የኮሌጅ የሙሉ ጊዜ ትምህርት ብዙውን ጊዜ በሦስት ወይም በአራት ቀን ተጨምቆ ነው የሚያልቀው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የለመድነው ወላጆች ልጁን ሐሙስ ረፋድ ላይ አልጋው ውስጥ ስናየው ደማችን ይፈላል። በመጀመሪያው ሳምንት የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን ጠይቀው ፍሪጅ ላይ ይለጥፉት። ያኔ ጥርጣሬም ውሸትም ቦታ አይኖራቸውም።

ነፃው ቀን ግን የአሳይንመንት ቀን ነው። ቢቴክ ላይ ልጅ የሚወድቀው በአንድ ፈተና አይደለም፤ ቀን እያለፈበት ነው። ቀነ ገደቡን ጠብቆ ያስገባ ተማሪ ሥራው ካልበቃ አንዴ አስተካክሎ እንዲያስገባ ሊፈቀድለት ይችላል። ያዘገየ ይህንን ዕድል ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ «አጠናህ?» ከሚለው ይልቅ «ቀጣዩ የሚገባው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይሠራል። የትርፍ ሰዓት ሥራ ከያዘ ቅዳሜና እሑድ ላይ ቢወሰን ደግ ነው። ገንዘብ ከቀመሱ በኋላ ነፃዎቹን ቀናት ሁሉ ለሥራ ሰጥተው ኮርሱን በልምድ ብቻ የሚሄዱበት ልጆች ብዙ ናቸው።

በዚህ መንገድ ዩኒቨርሲቲ ይገባል?

ሌቭል 3 ከጨረሰ አዎ፣ በየዓመቱ ብዙዎች ይገባሉ። የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ የሚቀበለው ዩካስ ለእነዚህም ነጥብ ይሰጣል። ቲ ሌቭል በዲስቲንክሽን የጨረሰ 144 ነጥብ አለው፤ ኤ ሌቭል ላይ ሦስት ኤ ያመጣ ልጅ ያለው ነጥብ ነው። ሜሪት 120 ነው። ትልቁ ቢቴክ ላይ ሦስት ዲስቲንክሽን እንዲሁ 144 ነው።

ነጥብ ብቻውን ግን አይበቃም። ሕክምና አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ወይም ባዮሎጂ በኤ ሌቭል ይጠይቃል። ልጅዎ ሐኪም መሆን ከፈለገች ቢቴክ ሄልዝ ኤንድ ሶሻል ኬር ይዛ አይሆንም፤ ስሙ ጤና ስላለው የሚሳሳቱ አሉ። ለነርስነት ግን ያው ኮርስ ጥሩ በር ነው። አንዳንድ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ቢቴክን ከአንድ ኤ ሌቭል ጋር ተጣምሮ ሲመጣ ብቻ ይቀበላሉ፤ አንዳንዶቹ ለአንዱ ትምህርት ክፍል ተቀብለው ለሌላው አይቀበሉም። ከሁለት ዓመት በኋላ ከመጸጸት አሁን የዩኒቨርሲቲውን የመግቢያ መስፈርት ከፍቶ ማንበብ ይቀላል።

ሌቭል 3 ኤሌክትሪክ ጨረሰ። አሁን ኤሌክትሪሽያን ነው?

ገና ነው። ይህ በጣም ብዙ ቤተሰብ የሚደናገርበት ጉዳይ ነው። ኮሌጅ ክፍልና ወርክሾፕ ውስጥ የሚሰጠው ዲፕሎማ ዕውቀቱን ያረጋግጣል። በሙያው ሙሉ ብቁ ለመባል ግን እውነተኛ የሥራ ቦታ ላይ ሠርቶ ማስረጃ የሚሰበሰብበት ኤንቪኪው ሌቭል 3 ያስፈልጋል፤ በመጨረሻም ኤኤም2 የሚባል የተግባር ፈተና አለ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የወርቅ ካርድ የሚሰጠው ይህ ሁሉ ሲሟላ ነው። ኤንቪኪው ደግሞ ያለ ሥራ አይገኝም።

ስለዚህ ኮሌጅ ውስጥ እያለ ቀጣሪ መፈለግ ይጀምር። አፕሬንቲስሺፕ ያገኘ ልጅ ሁሉንም በአንድ መንገድ ይጨርሳል። ያላገኘ ዲፕሎማውን ይዞ ረዳት ሆኖ ይጀምርና ኤንቪኪውን ሥራ ላይ ይሞላል። የእኛ ማኅበረሰብ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ዕድር፣ ማኅበር፤ የግንባታ ሥራ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። «አንድ ቀን ይዘኸው ውጣ» ብሎ መጠየቅ ልመና አይደለም። በጋዝ ሥራ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም፤ ጋዝ ሴፍ በሚባለው መዝገብ ላይ ያልተመዘገበ ሰው የጋዝ ዕቃ ለደንበኛ መግጠም በሕግ አይችልም።

ልጄ ከአገር ቤት ከመጣ ገና ነው፤ እንግሊዝኛው አልጠነከረም።

ከ16 እስከ 18 ላሉ ወጣቶች ብዙ ኮሌጆች ለብቻው የኢሶል (እንግሊዝኛ ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች) ክፍል አላቸው። እንግሊዝኛ፣ ሂሳብና ኮምፒውተር አብረው ይሰጣሉ፤ አንዳንዱ ጋ የሙያ ቅምሻም ይጨመርበታል። ጥገኝነት ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ የዚህ ዕድሜ ልጅም መማር ይችላል። አፕሬንቲስሺፕ ግን የመሥራት ፈቃድ ስለሚፈልግ ለእሱ ላይሆን ይችላል። የኢትዮጵያ የትምህርት ማስረጃ ካለው ይዞ ይሂድ፤ ኮሌጁ ለማንኛውም በራሱ መመዘኛ ይፈትነዋል።

እዚህ ላይ ጊዜ ወሳኝ ነው። 19 ዓመት ከሞላ በኋላ የሚጀመር ኮርስ በጎልማሶች ደንብ ይታያል፤ የነፃ ትምህርቱ መስፈርትም ጠበቅ ይላል። 17 ዓመት ከግማሽ ሆኖ የመጣ ልጅ «እስኪለምድ ትንሽ ይረፍ» መባል የለበትም። በዚያው ሳምንት ኮሌጅ ይወሰድ። ሴፕቴምበር ቢያልፍም በጃንዋሪ የሚቀበሉ አሉ።

ዘመድ «ምነው፣ ወደቀ እንዴ?» ይለኛል። ምን ልበል?

ከየት እንደመጣ እናውቀዋለን። አገር ቤት ለብዙ ዓመታት አሥረኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበር። ነጥብ የመጣለት ፕሪፓራቶሪ፣ ያልመጣለት ቴክኒክና ሙያ። 10+1፣ 10+2፣ 10+3 እየተባለ ይሄድ ነበር። ያ ሥርዓት እዚያም ተቀይሯል፤ በጭንቅላታችን ውስጥ ግን አለ። እዚህ ልጁ የተመደበ ሳይሆን የመረጠ ነው።

ለዘመዱ አጭር መልስ ይበቃል፦ «ኢንጂነሪንግ ሌቭል 3 ይማራል።» ማብራሪያ ባበዙ ቁጥር ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላል። ከዘመዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ልጁ ነው። ስልክ ላይ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «አይ እሱማ ኮሌጅ ነው» ሲሉ ከጎን ክፍል ይሰማል። አማርኛ ባይመልስልዎትም አማርኛ ይሰማል።

ቢቴክ ሊቀር ነው ሲሉ ሰማሁ። ልጄን ላስገባው?

ለውጥ አለ። መንግሥት በኦክቶበር 2025 ቪ ሌቭል የሚባል አዲስ የሌቭል 3 ኮርስ አስታውቋል፤ ከ2027 ጀምሮ ቀስ በቀስ ቢቴክንና መሰሎቹን እንዲተካ ታስቧል። ይህ የጀመረ ተማሪን ከመንገድ አያስቀርም፤ የገባበትን ይጨርሳል። የያዘው ሰርተፍኬትም ዋጋው አይወድቅም። ሌቭል 2 ላይ ያለ ልጅ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሊገባበት ያሰበው ሌቭል 3 በዚያው ስም ላያገኘው ስለሚችል ኮሌጁን አስቀድሞ ይጠይቅ።

ኮርሱን ጠላሁት፣ ላቋርጥ ነው አለኝ።

መቼ ነው ያለው? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሆነ ኮርስ መቀየር ቀላል ነው። ኮሌጆች ለዚህ የተለመደ አሠራር አላቸው፤ በአብዛኛው እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ። ከዚያ በኋላ ሌላው ክፍል ብዙ ስለሚሄድ ይከብዳል።

የጠላው ምኑን እንደሆነም ይለዩ። ኮርሱን ነው? አንድ አስተማሪ ነው? አውቶቡሱ አንድ ሰዓት ተኩል ስለሚፈጅ ነው? ወይስ ጓደኛ አጥቶ? ብዙ ጊዜ የሚጠላው ሙያውን አይደለም። የማንበብ ወይም የትኩረት ችግር ካለ ኮሌጁ ውስጥ የትምህርት ድጋፍ ክፍል አለ፤ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት እስከማሰጠት ይደርሳል። ትምህርት ቤት ሳለ ኢኤችሲፒ የተባለው የልዩ ድጋፍ ዕቅድ የነበረው ልጅ እሱንም ይዞ ይሂድ፤ እስከ 25 ዓመት ሊቀጥል ይችላል። ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነና ካቋረጠ፣ ከ19 እስከ 23 ያለ ወጣት የመጀመሪያውን ሙሉ ሌቭል 2 ወይም ሌቭል 3 በነፃ የሚማርበት መብት አለ፤ የነዋሪነት መስፈርቱን ማሟላት አለበት።

18 ሞላው። ኮሌጅ ስደውል «ልንነግርዎ አንችልም» ይሉኛል። እናቱ አይደለሁም እንዴ?

ነዎት። ግን 18 ከሞላው ቀን ጀምሮ በሕግ አዋቂ ነው፤ ስለ ክትትሉና ስለ ውጤቱ ያለ እሱ ፈቃድ ላይናገሩ ይችላሉ። ብዙዎቹ ኮሌጆች ተማሪው ወላጁን መረጃ ተቀባይ አድርጎ የሚፈርምበት ቅጽ አላቸው።

ቅጹን ገና 17 ዓመቱ ሳለ፣ ነገር ሳይበላሽ፣ በሰላሙ ቀን ያስፈርሙት። ከተጣላችሁ በኋላ አይፈርምም። እምቢ ካለ ደግሞ አያስገድዱት። በምትኩ በየአጋማሽ ወሰነ ትምህርቱ አንድ ጊዜ የክትትል መቶኛውን ራሱ ከስልኩ ላይ ከፍቶ እንዲያሳይዎ ይስማሙ። ከ90 በላይ ከሆነ ሻይ ጠጥታችሁ ስለ ሌላ ነገር አውሩ።